ጠባየ ሰብእን የመመዘን ታሪክ በኦክላንድና በአካባቢዋ

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከውኃው ዳር ተነሥታ እስከ ኮረብቶቹ ወገብ የተዘረጋችው የኦክላንድ ከተማ በወደቧና በባቡር ጣቢያዋ ለብዙዎች የታወቀች ብትሆንም፣ በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ከሰው ጠባይ በልጅነትና በሽምግልና መካከል ምኑ እንደሚጸና፣ ምኑስ እንደሚለወጥ ለማወቅ፣ ያንኑ አንድ ሰው በየዘመኑ እየፈለጉ፣ እየጠየቁና እየመዘገቡ ከኖሩባቸው የዓለም ከተሞች መካከል እርሷ ከቀዳሚዎቹ አንዷ በመሆኗ ነው። በዚያው አገር፣ በስተ ሰሜን ከምትጎራበታት ከበርክሌ ጀምሮ በስተ ደቡብ እስከ ፓሎ አልቶና እስከ ሳን ሆዜ ድረስ፣ የሰውን ጠባይ በጥቂት ደቂቃዎች በጥያቄ ወረቀት መዝኖ ለአሠሪ የሚያቀርብ ንግድም አድጎ ተስፋፍቷል። ትዕግሥተኛው ምርመራና ችኩሉ መመዘኛ እንግዲህ የአንድ አገር ልጆች፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ወንድማማቾች ናቸው። የዚህ ድርሰት ዐላማ የሁለቱን ትውልድ ከምንጩ ተነሥቶ መተረክና፣ ዛሬ በዚያ አገር ልጅ እያሳደጉ የሚኖሩት ወገኖቻችን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚቀርብላቸው መመዘኛ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ያህልስ ሊታመን እንደሚገባው ማሳየት ነው። ዘመናቱም ሁሉ የተጻፉት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የሰውን ጠባይ መርምሮ በየክፍሉ የማኖር ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት እንደ ተፈጠረ፣ ከእነዚህም መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ለባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ደግሞ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ እንደ ሆኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የጥንት የግሪክ ጠቢባንም ከአራቱ ባሕርያት ጋራ አራት የሰውነት ፈሳሾችን አዛምደው፣ ደም የሚበዛበትን ደስተኛ፣ ቢጫ ሐሞት የሚበዛበትን ቍጡ፣ ጥቍር ሐሞት የሚበዛበትን ትካዜኛ፣ አክታ የሚበዛበትን ዝግተኛ ብለው የሰውን ልጅ በአራት ወገን ከፍለውት ነበር። የዐውደ ነገሥት አዋቂዎች ደግሞ የሰውየውንና የእናቱን ስም በፊደል ቍጥር አስልተው፣ ለዐሥራ ሁለት ገድፈው ኮከቡን ካወቁ በኋላ፣ ጠባዩንና ዕድሉን ይናገሩ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በሕዝቡ ዘንድ የታመነው መመዘኛ የጎረቤት ምስክርነት ነበር፤ ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት ወይም ሽማግሌ ለመምረጥ የተሰበሰበ ጉባኤ፣ ሰውየውን በክፉም በደግም ቀን ያዩትን ሰዎች ሳይጠይቅ ነገሩን አይቈርጥም ነበርና። ይህን የመጨረሻውን ልብ ልንለው ይገባል፤ የኦክላንድ መርማሪዎች ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት ቁም ነገር ከዚሁ እጅግ የራቀ አይደለም።

የዘመናዊው መመዘኛ ታሪክ በዚያ አገር የሚጀምረው በ1910 ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከመጣው ከሊዊስ ተርማን ነው። ተርማን፣ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ያዘጋጀውን ፈተና ለአሜሪካ አስማምቶና አስፋፍቶ፣ በ1916 ስታንፎርድ ቢኔ የተባለውን የአእምሮ መመዘኛ አወጣ፤ በ1921ም በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች በዚሁ መመዘኛ እጅግ ከፍ ያለ ውጤት ካገኙት መካከል ከ1,500 የሚበልጡ ልጆች መርጦ ሕይወታቸውን እስከ ሽምግልና ለመከታተል ተነሣ። ይህ የትዕግሥት ሥራው ለኋለኞቹ አርአያ ሆኖላቸዋል። ነገር ግን ያው ሰው የአእምሮ ብልጫ በዘር የሚወረስ ነው ብሎ አጥብቆ ያምን ስለ ነበር፣ የሰውን ዘር በምርጫ እናሻሽላለን ከሚሉት ማኅበረተኞች ጋራ ተባበረ። የካሊፎርኒያ መንግሥት በ1909 ባወጣው ሕግ መሠረት «አእምሮ ደካሞች» የተባሉትንና ሕሙማነ አእምሮን፣ በጠቅላላው ወደ 20,000 የሚሆኑ ሰዎችን እንዳይወልዱ ሲያመክን፣ ለፍርዱ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ የፈተናው ቍጥር ነበር። መመዘኛ ከፍርድ ጋራ በተጋባ ጊዜ ምን ያህል ጭካኔ ሊወልድ እንደሚችል ይህ ታሪክ ለዘለዓለም ያስታውሳል።

ሌላው መንገድ የተከፈተው በበርክሌ ነው። በ1927 የሎራ ስፔልማን ሮክፌለር መታሰቢያ ድርጅት በሰጠው ገንዘብ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ደኅንነት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው አለቃ ሐኪሙ ኸርበርት ስቶልስ፣ የምርምሩ መሪ ደግሞ ሃሮልድ ጆንስ ነበር። በዚህ ተቋም ጥላ ሥር ሦስት ታላላቅ ክትትሎች ተወለዱ። በ1928 ናንሲ ቤይሊ የሕፃናትን አካልና አእምሮ ዕድገት ከተወለዱበት ቀን ጀምራ መመዝገብ ያዘች፤ በዚያው ዓመት ጂን ማክፋርሌን በበርክሌ ከተማ ከሚወለዱት ሕፃናት እያንዳንዱን ሦስተኛ ልጅ ወስዳ 248 ሕፃናትን በመዝገብ አሰፈረች። ሦስተኛው የኦክላንድ የዕድገት ጥናት ሲሆን፣ ሃሮልድ ጆንስ፣ ሚስቱ ሜሪ ከቨር ጆንስና ስቶልስ፣ በ1920ና በ1921 ገደማ የተወለዱትን፣ በከተማይቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሱትን ልጆች ይዘው በ1932 የጀመሩት ነው።

የእነዚህ ሰዎች አሠራር ከችኩሉ ፈተና የሚለይበትን ነገር በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የኦክላንድ ልጆች እስከ 1939 ድረስ፣ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርሱ፣ ቁመታቸውና ክብደታቸው ይለካል፤ የክንዳቸው ኀይል ይመዘናል፤ እነርሱ ራሳቸው ይጠየቃሉ፤ እናቶቻቸው ይጠየቃሉ፤ መምህራኖቻቸው አስተያየት ይጽፋሉ፤ የክፍል ጓደኞቻቸውም ከመካከላቸው ማን መሪ፣ ማን ቍጡ፣ ማን ዐይነ አፋር፣ ማን ተወዳጅ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡበት የመጫወቻ ቤትም ተዘጋጅቶላቸው ስለ ነበር፣ መርማሪዎቹ ሲጨፍሩና ሲጣሉ፣ ሲታረቁና ሲሸማቀቁ ያዩአቸው ነበር። አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው፣ ቤተ ሰቡ ስለ እርሱ የሚናገሩት፣ ባልንጀሮቹ የሚመሰክሩትና ባዕድ ተመልካች የሚያየው አራት ልዩ ልዩ ምስክርነት እንደ ሆኑ፣ አንዱም ያለ ሌላው ጎደሎ እንደ ሆነ ያስተማረው ይህ ሥራ ነው።

የተገኘውም ፍሬ ብዙ ነበር። ሜሪ ከቨር ጆንስ ከባልንጀሮቿ ጋራ ሆና ቀድመው የጎለመሱትንና ዘግይተው የጎለመሱትን ወንዶች ልጆች አነጻጸረች፤ ቀድመው የጎለመሱት በትምህርት ቤት ዘመናቸው በራሳቸው የሚተማመኑ፣ በጓደኞቻቸው የተከበሩና ለመሪነት የሚመረጡ ሲሆኑ፣ የዘገዩት እረፍት የለሽና ትኵረት ፈላጊ ሆነው ታይተው ነበር። ሁለቱም ወገኖች 30 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን በቁመትና በአካል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር፤ በጠባይም በኩል ቀዳሚዎቹ ኀላፊነት የሚወዱ ነገር ግን ከልማድ የማይወጡ፣ የዘገዩት ደግሞ ይበልጥ ተለማጭ አሳብ ያላቸውና ራሳቸውን መመርመር የሚችሉ ሆነው ተገኙ። በ14 ዓመቱ ፍርድ ቢሰጥበት ኖሮ ደካማ ተብሎ የሚጻፈው ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢታገሡት ያ ድካሙ ጥበብ ሆኖለት ተገኘ። ማክፋርሌንም የበርክሌ ልጆች አድገው በ30 ዓመታቸው ሲመረመሩ፣ እርስዋና ባልደረቦቿ አስቀድመው ከገመቱት ብዙው እንዳልደረሰ ያለ ሐፍረት ጻፈች፤ የልጅነትን ችግር ከልክ በላይ ከብደው አይተውት፣ መከራ ለሚያስተምረው ትምህርት ግን ዋጋ ነፍገውት እንደ ነበር አስረዳች። የሊቅ ታላቅነት እንዲህ ባለው ቃል ይታወቃል።

ይህንኑ ነገር ከሁሉ አብልጦ ያጐላው የማኅበረ ሰብ ጥናት ሊቁ ግሌን ኤልደር ነው። ኤልደር በ1962 ወደ በርክሌ መጥቶ የኦክላንዱን መዝገብ ባገኘ ጊዜ፣ ልጆቹ ገና ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳሉ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በቤታቸው እንደ ገባ አስተዋለ፤ እንግዲህ ከ1929 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ገቢው ከሲሶ በላይ የጎደለበትን ቤተ ሰብ ካልጎደለበት ለይቶ፣ የልጆቹን ኋለኛ ሕይወት መረመረና «የታላቁ ድቀት ልጆች» የተባለውን መጽሐፉን በ1974 አሳተመ። አባት ሥራ ባጣበት ቤት ወንዱ ልጅ ጋዜጣ እያዞረና ሱቅ እየተላላከ፣ ሴቷ ልጅ የቤቱን ሥራ እየተሸከመች ቤተ ሰቡን በመርዳታቸው፣ ቀድሞ የተጫነባቸው ኀላፊነት ብዙዎቹን ጽኑና ታታሪ ሰዎች እንዳደረጋቸው ታየ። በዚያው መከራ ያለፉት የበርክሌ ልጆች ግን፣ ድቀቱ የመጣባቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ስለ ነበር፣ በተለይ ወንዶቹ ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ። ስለዚህ የሰው ጠባይ ብቻውን የሚቆም ነገር እንዳልሆነ፣ ዘመኑና ዕድሜው በተገናኙበት ሰዓት የሚቀረጽ እንደ ሆነ ከዚህ ጥናት ወዲህ መካድ አስቸጋሪ ሆነ። በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በወደቀ ጊዜ በየዕድሜያችን የደረሰብን ሁሉ እንዴት ለየቅል እንደ ቀረጸን ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ በላይ ነው።

በዚህ መካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ወደ ጠላት አገር የሚላኩትን ሰዎች ለመምረጥ ቨርጂኒያ ውስጥ ስሙን ጣቢያ ኤስ ያለው አንድ የገጠር ቤት ሲከፍት፣ የዚያ ጣቢያ አለቃ ዶናልድ ማክኪነን ነበር። ዕጩዎቹ ሦስት ቀን በሐሰት ስም አብረው እየበሉና እያደሩ፣ ወንዝ የማሻገር ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ረዳት መስለው የሚያውኩ ሰዎች ይመደቡላቸዋል፤ በምሽትም ሲጫወቱ ሳይቀር ይታያሉ። በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ዐይነት ተመዝነዋል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ማክኪነን ያንኑ ጥበብ ለሰላም ሥራ ለማዋል አስቦ፣ በ1949 በሮክፌለር ፋውንዴሽን ርዳታ በበርክሌ የጠባይ ምዘናና ምርምር ተቋምን አቋቋመ።

ነገር ግን ተቋሙ የተከፈተበት ዓመት ለዩኒቨርሲቲው የፈተና ዓመት ነበር። በ1949 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ መምህራን ሁሉ ኮሚኒስት እንዳልሆኑ በመሐላ እንዲፈርሙ አዘዘ፤ በነሐሴ 1950ም አንፈርምም ያሉትን 31 መምህራን አሰናበተ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከኤልስ ፍሬንከል ብሩንስዊክ፣ ከዳንኤል ሌቪንሰንና ከስደተኛው ፈላስፋ ከቴዎዶር አዶርኖ ጋራ ሆኖ ለአምባገነን የሚገዛና ደካማን የሚረግጥ ጠባይ ከየት እንደሚመጣ የሚመረምረውን ታላቅ መጽሐፍ በዚያው ዓመት ያሳተመው ኔቪት ሳንፎርድ ነበር። የሥነ ልቡና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰንም መሐላውን አልፈርምም ብሎ የበርክሌ ወንበሩን ትቶ ሄደ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1952 መሐላውን ሽሮ መምህራኑ እንዲመለሱ ፈረደ። ስለ ሰው ጠባይ የጻፉ ሰዎች የራሳቸው ጠባይ በእሳት የተፈተነበት ይህ ሁኔታ ከሥራቸው ተለይቶ ሊነገር አይገባውም፤ በወረቀት ላይ የመዘኑትን ነጻነት በኑሯቸው መስክረውለታልና።

የማክኪነን ተቋም ቤቱ በፒድሞንት ጎዳና ላይ የነበረ የተማሪዎች ማኅበር መኖሪያ ነበር። ተመርማሪዎቹ በዚያ ቤት ገብተው ሦስት ቀን ያህል ከመርማሪዎቹ ጋራ አብረው ይበላሉ፤ ይወያያሉ፤ ይጫወታሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከደራስያን ትሩማን ካፖቲና ፍራንክ ኦኮነር፣ ከአርክቴክቶች ኤሮ ሳሪነን፣ ፊሊፕ ጆንሰንና ሉዊ ካን በዚህ ቤት አልፈዋል። ማክኪነን በሙያ ባልንጀሮቻቸው ዘንድ በፈጠራ የላቁ ተብለው የተመሰከረላቸውን 40 አርክቴክቶች ዐሥር ዐሥር አድርጎ እየጠራ፣ ሥራቸውን በደኅና ከሚሠሩ ሌሎች 84 አርክቴክቶች ጋራ አነጻጸራቸው። የአእምሮ ፈተናው ነጥብና የፈጠራው ደረጃ በእነዚህ ሰዎች መካከል ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው ተገኘ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ግን ልዩነቱ ጐላ፤ የላቁት ራሳቸውን ፈልሳፊ፣ ቈራጥና በራሳቸው የሚቆሙ ብለው ሲገልጹ፣ ሌሎቹ ኀላፊነት የሚሰማቸው፣ ቅኖችና የሚታመኑ ብለው ገለጹ። ተርማን በአንድ ቍጥር ሊይዘው የሞከረውን የሰው ታላቅነት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው ይህ ቤት ከቍጥሩ ውጭ አገኘው።

በዚሁ ተቋም ሃሪሰን ጎፍ የካሊፎርኒያ የጠባይ መጠይቅ የተባለውን ሥራውን አዘጋጀ። ከእርሱ በፊት ገናና የነበረው የሚኒሶታው መጠይቅ የተሠራው የአእምሮ ሕመምተኞችን ለመለየት ሲሆን፣ ጎፍ ግን ጤናማውን ሰው ለመግለጥ ፈለገ፤ ለዚህም በየትኛውም ሕዝብ መካከል ሰዎች ስለ ሰው ሲነጋገሩ የሚያነሧቸውን ነገሮች፣ ማለት ኀላፊነትን፣ ራስን መግዛትን፣ ቻይነትን፣ መሪነትን መለኪያ አድርጎ ወሰደ። መጠይቁ በመጀመሪያ 480 ዐረፍተ ነገሮች ነበሩት፤ ተመርማሪው ለእያንዳንዱ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይመልሳል። ጃክ ብሎክ ደግሞ ስለ ሰው ጠባይ የሚናገሩ 100 ካርዶች አዘጋጅቶ፣ ዳኞች ሰውየውን ይበልጥ ከሚገልጸው ጀምረው እስከማይገልጸው ድረስ በዘጠኝ ክምር እንዲደረድሩአቸው አደረገ። በዚህ ጥበብ የኦክላንድንና የበርክሌን አሮጌ መዛግብት እንደ ገና አነበበ፤ የአንዱን ሰው የልጅነት መዝገብ ያነበበ ዳኛ የጕልምስናውን እንዳያነብ በመከልከሉ፣ ፍርዱ አንዱ በሌላው ያልተበረዘ ሆነ። በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየውም፣ ከሰዎቹ ከፊሎቹ ከልጅነት እስከ ጕልምስና ያንኑ ጠባይ ይዘው ሲገኙ፣ ከፊሎቹ እጅግ ተለውጠው ነበር፤ የጽናትና የለውጥ መጠንም ከሰው ሰው ይለያያል።

በኦክላንድ በራሷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ በቀለ። በካይዘር ሆስፒታል የሥነ ልቡና ምርምር መሪ የነበረው፣ ኋላ በሌላ ነገር ዓለም ያወቀው ቲሞቲ ሊሪ፣ በ1950ዎቹ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ የሰውን ጠባይ ለብቻው በተቀመጠ ሰው ላይ መፈለግን ትቶ በሁለት ሰዎች መካከል በሚሆነው ነገር ላይ ፈለገው። የሰው ከሰው ግንኙነት በሁለት መስመር ሊገለጥ ይችላል አለ፤ አንደኛው ከመግዛት እስከ መገዛት፣ ሁለተኛው ከፍቅር እስከ ጥላቻ የሚዘረጋ ነው። በሁለቱ መስመሮች ላይ ክብ ሥሎ በስምንት ክፍል ከፈለው፤ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍም የክቡ አራት ማዕዘናት ከጥንቱ የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት ጋራ እንደሚቀራረቡ አመለከተ። ከፍራንክ ባሮን ጋራ በሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ ሕክምና ያገኙት ሕሙማንና ተራ ሲጠባበቁ የቈዩት በመሻሻል ብዙም እንዳልተለያዩ ታይቷል። ጊዜ ራሱ በሰው ጠባይ ላይ ሠራተኛ እንደ ሆነ ይህ ሌላ ማስረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ብዙውን ጊዜ የወንዶች ታሪክ ነበር። በማክኪነን ተቋም ስለ ሴቶች ፈጠራ እንድታጠና የተመደበችው ራቬና ሄልሰን፣ በኦክላንድ ኮረብታ ሥር ወደ ነበረው ወደ ሚልስ የሴቶች ኮሌጅ ሄዳ፣ በ1958ና በ1960 የሚመረቁትን 140 ያህል ተማሪዎች መዘነች። የመጀመሪያው ዐላማዋ አጭር ነበር፤ ሴቶቹን ግን አልተወቻቸውም። በ27፣ በ43፣ በ52፣ በ61 ዓመታቸው ገደማና ከዚያም በኋላ እየጠየቀች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አብራቸው ተጓዘች። በወጣትነታቸው ለቤትና ለትዳር ብቻ የታጩ የሚመስሉት እነዚህ ሴቶች ወደ ሃምሳ ዓመት ሲቃረቡ በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ቈራጥነታቸውና በራሳቸው የመቆም ኀይላቸው የጨመረ ሆነው ተገኙ። ጠባይ በሠላሳ ዓመት ይደነድናል የሚለው አሮጌ ብሂል ስሕተት መሆኑን ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ይህ የኦክላንድ መዝገብ ነው። በ2001 ሊአን ሃርከርና ዳከር ኬልትነር የእነዚህኑ ሴቶች የምረቃ ፎቶግራፍ ወስደው የፈገግታቸውን እውነተኛነት ሲመዝኑ፣ ያ ፈገግታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከነበራቸው ደስታና ትዳር ጋራ ተዛምዶ ተገኘ። መዝገቡ ተጠብቆ ባይቈይ ኖሮ ይህን ጥያቄ ማንም ሊጠይቀው አይችልም ነበር።

አሁን ወደ ችኩሉ ወንድም እንመለስ። በ1956 በፓሎ አልቶ የሥነ ልቡና መመዘኛዎችን የሚያሳትም ኩባንያ ተመሠረተ፤ ከመጀመሪያ ሀብቶቹም አንዱ የጎፍ መጠይቅ ሆነ። በ1975 ያው ኩባንያ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ከካርል ዩንግ ትምህርት ተነሥተው የሠሩትን፣ ሰውን ሁሉ በ16 ዐይነት የሚከፍለውን መመዘኛ ማሳተም ያዘ። የአሳብ ሰው ወይስ የስሜት ሰው፣ ወደ ውጭ የሚያይ ወይስ ወደ ውስጥ የሚያይ እያለ በአራት ፊደል ስም የሚሰጠው ይህ መመዘኛ፣ ከፓሎ አልቶ እስከ ሳን ሆዜ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች በበዙበት ሸለቆና ከዚያም ውጭ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ለሰው ስለ ራሱ የሚያስብበት ቃል መስጠቱ በጎ ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ገና ሲመዘኑ ብዙ ሰዎች ሌላ ዐይነት ሆነው ይገኛሉ፤ በመካከለኛው ነጥብ አጠገብ የቆሙትን ሁለት ሰዎች፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ ወገን መጻፍም በመካከላቸው የሌለ ግድግዳ መሥራት ነው። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ከዐይነት ይልቅ መጠንን መርጠው፣ ጠባይን በአምስት ታላላቅ መስመሮች ይለኩታል፤ ለዚህም ብዙ አገልግሎት የሰጠ አጭር መጠይቅ በ1991 በበርክሌው በኦሊቨር ጆን መሪነት ተዘጋጅቷል።

የስታንፎርዱ ዋልተር ሚሸል በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ከባድ ጥያቄ አነሣ። በወረቀት የተመዘነው ጠባይና ሰውየው በአንድ በተለየ ሁኔታ የሚያደርገው ነገር ግንኙነታቸው ደካማ እንደ ሆነ፣ ቍጥሩም ከ0.30 እምብዛም እንደማያልፍ አሳየ። ተከራካሪዎቹ የመለሱለት መልስ ጥሩ ነበር፤ አንዱን ቀን ሳይሆን የብዙ ቀናትን ድርጊት ሰብስበን ብናይ ጠባይ ጐልቶ ይታያል አሉ። ልብ ላለው ሰው ግን ይህ መልስ ራሱ ችኩሉን መመዘኛ የሚረታ ነው፤ ብዙ ቀን ማየት ግድ ከሆነ፣ አንዲት ቀን በተሞላች ወረቀት ሰውን ከእንጀራው መከልከል እንዴት ይገባል?

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤቶችም ሰምተውታል። በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ የጥቍር ቤተ ሰቦች ልጆቻችን በአእምሮ ፈተና ምክንያት ለዘገምተኞች በተለየ ክፍል ተጣሉብን ብለው ከሰሱ፤ በካሊፎርኒያ ጥቍሮች ከተማሪው ዐሥር በመቶ ገደማ ሲሆኑ በእነዚያ ክፍሎች ግን ሩብ ያህሉን ይሞሉ ነበር። ዳኛው ሮበርት ፔካም በ1979 በሰጠው ፍርድ፣ ፈተናው ለእነዚህ ልጆች ትክክለኛ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ጥቍር ልጆችን ወደ እንደዚህ ያሉት ክፍሎች ለመመደብ እንዳያገለግል ከለከለ። በሳን ሆዜ መካከል ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንጻ ዛሬ በዚሁ ዳኛ ስም ይጠራል። ጠባይን በሚመለከት ደግሞ አንድ ትልቅ የመደብር ኩባንያ ለጥበቃ ሥራ የሚያመለክቱትን ሰዎች፣ ከጎፍ መጠይቅና ከሚኒሶታው መጠይቅ የተውጣጡ 704 ጥያቄዎች ያስመልሳቸው ነበር፤ ከጥያቄዎቹም አንዳንዶቹ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ መኝታ ቤታቸው የሚጠይቁ ነበሩ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 ይህ የሰውን የግል ምስጢር የሚደፍር ነው ብሎ ፈረደ፤ ጕዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካለፈ በኋላ በ1993 ተከራካሪዎቹ ስለ ታረቁ የመጨረሻ ብያኔ አላገኘም። ለነፍስ አባት እንኳ በንስሐ ካልሆነ የማይነገረው ነገር በር ለመጠበቅ ለሚያመለክት ሰው በግድ መጠየቁ ስሕተት እንደ ነበር፣ የእኛ ሰው ያለ ፍርድ ቤትም ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። መመዘኛ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በአንድ ሰዓት የተገኘ ምስክርነት የአንድ ምስክር ቃል ነውና እንደ አንድ ምስክር ይሰማ። ሰውን ከሥራ የሚከለክል፣ ልጅን ከክፍል የሚለይ፣ ወይም በአእምሮ ደካማነት የሚፈርጅ ፍርድ ግን፣ የኦክላንድ መርማሪዎች እንዳደረጉት፣ የራሱን፣ የቤተ ሰቡን፣ የባልንጀሮቹንና የተመልካቹን ቃል፣ ከሁሉም በላይ የዘመንን ቃል ሳይሰማ መሰጠት የለበትም። በቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ፣ በሳን ሆዜ ኩባንያዎች ተቀጥረው የሚደክሙ ወገኖቻችን ይህን ሊያውቁት ይገባል፤ ልጃቸው በዐሥር ዓመቱ «ዐይነ አፋር» ወይም «እረፍት የለሽ» ተብሎ በወረቀት ቢመጣላቸው፣ ያ ቃል የዛሬ ወሬ እንጂ የዕድሜ ልክ ብያኔ እንዳልሆነ፣ ለዚህም ማስረጃው እነርሱ በሚኖሩበት ከተማ የተጻፈ እንደ ሆነ ይወቁ፤ ለመምህሩም ያስረዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ይጠበቃል። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ በሱዳን በረሃ አልፈው፣ በስደተኛ ካምፕ ቈይተው፣ በዚያ አገር ቤት የሠሩ አባቶችና እናቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው አድገዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም በኦክላንድ መድኃኔ ዓለም ይቈርባሉ። ስደት በሃያ ዓመት ልጅ ላይ የሠራውና በአምስት ዓመት ሕፃን ላይ የሠራው ምን ያህል እንደሚለያይ፣ ቋንቋውን የያዘና ያልያዘ፣ በእናቱ እጅ ያደገና በባዕድ እጅ ያደገ ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑና በማኅበሩ፣ በእድሩና በዕቁቡ፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቁ፣ ምስጢራቸውን እየጠበቁ፣ በየዐሥር ዓመቱ እየተመለሱ ቃላቸውን የሚመዘግቡ ወጣቶች ከመካከላችን ቢነሡ፣ ለልጅ ልጆቻችን ከማንኛውም መጠይቅ የሚበልጥ እውቀት ያቈዩላቸዋል፤ ሥራውም ሊጀመር የሚገባው ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ ዛሬ ነው።